ከራሴ ጋር ተከራክሬ የቀነስኩት ደሞዝ

ከራሱ ጋር ዋጋ ተከራክሮ የተሸነፈ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ካላያችሁ እኔን ጎራ ብላችሁ እዩኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የምጽፍላችሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቂሊንጦ የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ አዳማ ላይ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። ለሱፐርቫይዘርነት ማን ብትታጭ ጥሩ ነው? እኔ! ስምንተኛ ላይ ትምህርት ያቆምኩት፣ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት የምፈራው እኔ!

እናቴ አዳማ ናት፣ እህቷ ቤት በጥገኝነት። ደሞዙ ከተስተካከለ ሁለታችን የራሳችን በር ያለው ቤት እንከራያለን። ይቺን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት።

አብራኝ የምትኖረው ሰሚራ ሳሪስ አቦ ገበያ ልብስ ትሸጣለች። በእረፍት ቀኔ አግዛታለሁ። ትናንት ቤት ኪራዩን፣ አስቤዛውን፣ "አልፎ አልፎ ደግሞ ማኪያቶ፣ ሰው ነሽ!" እያለች ደመረችልኝና፣ "አስራ አምስት ሺህ። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ!" አለችኝ።

ዛሬ ኤች አር ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠ፣ "አዳማ ላይ ሳትቸገሪ ለመኖር ስንት ይበቃሻል?" አለኝ።

"አስራ አምስት ሺህ።" ድምፄ ራሴኑ አስደነገጠኝ!

ዝም አለ።

እኔ ደግሞ ገበያ ላይ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ገዢ ዝም ካለ ጥሎሽ ሊሄድ ነው፣ ቶሎ ቀንሺለት!

"አስራ ሁለትም ይሆናል።"

ዝም።

"እሺ፣ ዘጠኝ።"

አሁንም ዝም!

"በቃ የመጨረሻ፣ ስድስት ሺህ ይውሰዱት!"

ይውሰዱት? ምኑን ነው የሚወስደው?! ደግሞ እኮ አሁን የሚከፈለኝ ሰባት ነው!

ሰውየው ቀና አለ። "ይቅርታ እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጎብኝ አልሰማሁሽም። ስንት አልሽ?"

አያችሁልኝ? እግዜር በገዛ እጁ ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። አስራ አምስት ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ!

"ስድስት።"

ምን ላድርግ፣ አንዴ ከወረድኩ በኋላ መልሼ ለመውጣት አፈርኩ!

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "በስድስት ሺህ አዳማ ላይ ምን ልትበዪ ነው?"

"ብዙ አልበላም።"

ሳቀ፣ ሳቀና እንባውን ጠረገ። "ሂጂ፣ ተረጋግተሽ አስቢና ነገ ጠዋት ነይ። ከነገ በኋላ ግን ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።"

ለሰሚራ ስነግራት ራሷን ያዘች። "አንቺ፣ እኔ እንኳን ሱሪ ከመግዣው በታች ሸጬ አላውቅም!"

አዳማ ያላችሁ፣ እስቲ ተባበሩኝ። ለእናትና ልጅ አስራ አምስት ይበቃል? ወይስ ከዚያም ከፍ ልበል? ኮሜንት ላይ ቁጥሩን ብቻ ጻፉልኝ።

አደራ ዝም እንዳትሉኝ! ዝም ካላችሁኝ እቀንሳለሁ።