ካፖርት ከተለበሰ በኋላ የሚነሣ እጅ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ስብሰባው አልቆ ወንበር መንኳኳት ሲጀምር እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አልደገፈም፣ አልተቃወመም፣ አላሳለም። የሌላው ሰው ልብ ቤቱ ገብቶ ሾርባ ሲያሞቅ እሱ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና «አንዲት ትንሽ ነገር» ይላል። አንዲትም አይደለች፣ ትንሽም አይደለች።

በኔዘርላንድ አገር፣ በግሮኒንገን ከተማ ይህን ማዕረግ ለዓመታት ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ፎኮ ዊርሴማ ናቸው። ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት የቦይ ድልድይ ጠባቂ ነበሩ። ጀልባ ሲመጣ ድልድዩን ያነሣሉ፣ ጀልባው ሲያልፍ ይመልሳሉ። ዕድሜ ልካቸውን ደሞዝ የተከፈላቸው የቸኮለ ሰው ለማስቆም ነው እንግዲህ። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም ልማዱ አብሯቸው አልወጣም።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ሂስከ ናት። ሂስከ በሥራ ቀን የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ በተረፋት ጊዜ፣ ማለትም በማይተርፋት ጊዜ፣ የአንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አስተባባሪ ናት። ማኅበሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባላት አሉት፤ የእነዚህን ሁሉ ድረ ገጽና ኢሜይል በራሱ ሦስት ሰርቨሮች ላይ ያኖራል። መዘምራኑ አሉ፣ የጓሮ አትክልተኞቹ አሉ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱት አሉ፣ የሠላሳ ዓመት የሕፃናት ፎቶዋን ይዛ የገባች አንዲት አዋላጅም አለች። ሰርቨሮቹ የተቀመጡት ድሮ የወተት ሥራ ይማሩበት በነበረ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ ሕንፃው ሊፈርስ ነው፣ ለሰርቨሮቹም ሌላ ቦታ ይፈለግ ተባለ።

ሂስከ ደክሟታል። በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚለቅ ድካም አይደለም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ «እስቲ አንቺ እይው» ሲባሉ የሚጠራቀም ድካም ነው። ለአባላቱ በሙሉ «አንድም ደብዳቤ፣ አንድም ፎቶ አይጠፋም፤ ኃላፊዋ እኔ ነኝ» ብላ ጽፋ ከሥሩ ስሟን ፈርማለች። ያንኑ ቀን በወረቀት ሌላ አጭር ደብዳቤም ጽፋ ፈረመች፦ ሰርቨሮቹ አዲሱ ቤታቸው በሰላም እንደገቡ ከኃላፊነቴ እለቃለሁ የሚል። ይህኛውን ለማንም ሳታሳይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቦርሳውን በነካች ቁጥር ትንሽ ይቀልላት ነበር።

የማዘዋወሩን ዕቅድ ያወጣው ሪንሰ ነው። በሙያው የኮምፒውተር ሰው ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ጎበዝ መሆኑንም ያውቃል። ሠላሳ አራት ተራ ቁጥር ያለው ዕቅድ ጻፈና፣ የማኅበሩ መርሕ «የእኛን ነገር ሌላ ሰው ማሽን ላይ አናስቀምጥም» ስለሆነ፣ በራሳቸው ሰርቨር ላይ አወጣው። ወረቀት ደግሞ ዛፍ ይጨርሳል ተብሎ ከተወገዘ ቆይቷል። ሁሉም አነበበው፤ ሁሉም አጸደቀው።

ሁሉም ስንል ግን ዙሩ ገና ነው። በዚያ አገር ስብሰባ ያለ ዙር አያልቅም። አጀንዳው ካለቀ በኋላ ሰብሳቢዋ እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠራች «የምትለው አለ?» ብላ መጠየቅ አለባት። ጤነኛ ሰው «የለኝም» ይልና ካፖርቱን ይለብሳል። የብስኩቱ ቆርቆሮ ከተከደነ፣ ስኒው ከታጠበ፣ ሻርፕ ሁሉ ከተጠመጠመ በኋላ ተራው ክቡር ፎኮ ዘንድ ይደርሳል።

በመጀመሪያው ስብሰባ የጠየቁት፣ ሰርቨሮቹ ሲጠፉ ድምፃቸው ስለሚቆም ከላይ ያሉ ጎረቤቶች እንዳይደነግጡ ምን ታስቧል የሚል ነበር። ከላይ ጎረቤት የለም፤ ሕንፃው ባዶ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ቢሆንም ለጥንቃቄ ማስታወቂያ ተጽፎ ተለጠፈ፤ ያነበበው ርግብ ብቻ ነው። በሁለተኛው ስብሰባ የአዲሱን ቦታ በር ስፋት ጠየቁ። ሪንሰ ሜትር ይዞ ሄዶ ለካ፤ ላም ከነጥጃዋ የምታልፍበት በር ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ደግሞ፣ ሰርቨሮቹ በሪንሰ የጭነት ብስክሌት እንደሚሄዱ ከተወሰነ በኋላ፣ «ብስክሌቱ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ድልድዩ ቢነሣስ?» አሉ።

«እንጠብቃለና፣ ፎኮ» አለች ሂስከ።

«ስንት ደቂቃ?»

ይህች «ስንት ደቂቃ» አንድ ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት በላች። ሂስከ ቤቷ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረረች። ሰውየውን ጠላቸዋለሁ ብላ አሰበች፤ ለመጥላትም አቅም እንደሌላት ገባት።

ስለዚህ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከማዘዋወሩ አንድ ቀን በፊት፣ ሂስከ በማኅበሩ ታሪክ ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር ሠራች። አጀንዳው እንዳለቀ ማስታወሻዋን ዘጋችና «ዛሬ ዙር የለም። ነገ እንገናኝ» አለች። የክቡር ፎኮ እጅ ግማሽ መንገድ ወጥቶ ነበር። እዚያው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ካፖርታቸው ቁልፍ ወረደ። ሂስከ አይታለች። አይታ እንዳላየች ሆነች።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሂስከ፣ ሪንሰና ክቡር ፎኮ ምድር ቤቱ ተገናኙ። ሪንሰ ሰርቨሮቹን አጠፋ። ገመዶቹን ከመንቀሉ በፊት የትኛው የት እንደሚገባ የሚጻፍበት ወረቀት ጠየቀ፤ መቼም ወረቀት ያወገዘ ማኅበር ወረቀት አይኖረውም። ሂስከ ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ሰደደች፣ ያገኘችውን አወጣች፣ ባዶው ገጽ ላይ «ሰማያዊው እዚህ፣ ቢጫው እዚያ» ብላ ጻፈችና ፎኮን አስያዘቻቸው። ከድካሟ የተነሣ የምን ወረቀት እንደሆነ ልብ አላለችም።

ከዚያ ጉዞ ሆነ። ሰርቨሮቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ብስክሌቱ ሣጥን ውስጥ ተኙ፣ ሪንሰ ፔዳል ረገጠ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ አጀቡ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ድልድዩ ተነሣ። አንድ ሰውና አንድ ውሻ የጫነች ጀልባ ያለምንም ጥድፊያ አለፈች። ክቡር ፎኮ ለድልድዩ ጠባቂ እጃቸውን አውለበለቡ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ።

አዲሱ ቦታ ገቡ፣ ገመዱ በወረቀቱ መሠረት ተሰካ፣ ሪንሰ ሰርቨሩን አበራ። ሰርቨሩ ተነሣና የይለፍ ቃል ጠየቀ። አሥራ አንድ ቃላት የተያያዙበት ረጅም የይለፍ ቃል ነው፤ ያለ እሱ ውስጡ ያለው ሁሉ አይከፈትም። ሰርቨሩ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ስለማያውቅ የይለፍ ቃሉን ማንም በቃሉ አልያዘውም።

«ዕቅዱ ላይ ጽፌዋለሁ» አለ ሪንሰ፣ ስልኩን እያወጣ። ነካ ነካ አደረገ። እንደገና ነካ አደረገ። ፊቱ ቀስ በቀስ የወተት መልክ ያዘ።

«ምነው?» አለች ሂስከ።

«ዕቅዱ… ሰርቨሩ ውስጥ ነው።»

ሌላ ቦታ ያሉት መጠባበቂያ ቅጂዎችም ያው በዚያ ቃል የተቆለፉ ናቸው። በጥንቃቄያቸው ብዛት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባላትን ከነቁልፋቸው ቆልፈውባቸዋል። ሪንሰ «ዳክዬ የሚል ነበረበት፣ ዳክዬ መኖሩን እርግጠኛ ነኝ» እያለ መሞከር ጀመረ። ሂስከ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አዋላጇን አሰበች፤ እነዚያን ሁሉ ሕፃናት አሰበች፤ ከደብዳቤው ሥር ያለውን የገዛ ስሟን አሰበች። እንባዋ መጣ፣ አልከለከለችውም።

ክቡር ፎኮ ጥግ ላይ ተቀምጠው በአይብ የተሠራ ዳቧቸውን ይበላሉ። ዝም ብለው። በጣም ዝም ብለው። ሂስከ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ያ አየር ላይ የቀረ እጅ ትዝ አላት።

«ፎኮ፣ ትናንት እጅዎ ተነሥቶ ነበር።»

«ዙር የለም ተባለ።»

ድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ ነበር፤ አልደበቁትም። ሂስከ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ በሰብሳቢ ድምፅ «አሁን ዙር ነው» አለች። «ፎኮ፣ የሚሉት አለ?»

ዳቧቸውን አስቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ትንሽ ነገር። ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ዕቅዱን ከምን ላይ ነው የምናነበው?»

ሪንሰ ግንባሩን ሰርቨሩ ላይ ደገፈ። ክቡር ፎኮ ግን አልጨረሱም። ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ዘጠኝ ገጽ፣ በስቴፕለር የተያያዘ፣ ዳሩ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት የተደረደረበት። ስክሪን ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ቤተ መጻሕፍት ሄደው አሳትመውት ኖሯል። እስካሁን ለምን ዝም አሉ ቢባል፣ ምልክት ሳይበራ ድልድይ አንሥተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ገጽ ሰባት» አሉ።

ዳክዬው እውነትም ነበረበት፤ ሦስተኛው ቃል ላይ። ሰርቨሩ ተከፈተ። ሂስከ መጀመሪያ የፈለገችው የአዋላጇን ፎቶዎች ነው። ነበሩ፤ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ያለቅሳሉ። ከዚያ ሰውየውን አንቃ ትግደላቸው ወይስ ትሳማቸው ቸገራት፤ ጉንጫቸውን ሦስት ጊዜ ሳመች፤ ዳቦ ዳቦ ይሸታሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሂስከ መልቀቋን በቃል ለመናገር ወስናለች፤ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ፈልጋ አጥታዋለች። ከዙሩ በኋላ እናገራለሁ ብላ ካፖርቷን ለበሰች። ዙሩ ዞረ። የለኝም፣ የለኝም፣ የለኝም። ተራው ክቡር ፎኮ ዘንድ ደረሰ።

«አንዲት ትንሽ ነገር።» ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ፤ የገመዶቹ ቦታ የተጻፈበት ነው። ያንን ገጽ ወደ ሰዉ፣ ሌላኛውን ወደ ሂስከ አዙረው ያዙት። «ይህ መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት። የትኛው ገጽ ነው ከላይ የሚሆነው?»

ሂስከ ከመልቀቂያ ደብዳቤዋ ሥር የገዛ ፊርማዋን አየች። ክቡር ፎኮ አይቸኩሉም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ድካሟ የትም አልሄደም፣ እዚያው ትከሻዋ ላይ ነው። እኚህን ሰው ግን ትወዳቸዋለች፤ ልቧ እስኪያማት ትወዳቸዋለች።

«የገመዱ» አለች።

ቀስ ብላ ካፖርቷን አወለቀች፣ ወንበሯን ሳበች፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ እንደገና ከፈተች።

«ሌላስ አለዎት፣ ፎኮ?»

ነበራቸው።