ወይራው ላይ የነበረችው ኦርኪድ

ስም ማውጣት ደስ የሚለው ለሚያወጣው ነው። ስሙ ለሚወጣለት ምን እንደሚጨምርለት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጅጅጋ የኖረ ሰው ነገሩን ቶሎ ይለምደዋል፤ ትንሽ ካነከሳችሁ ወይም አንድ ጥርስ ከጎደላችሁ ከተማው በዚያው ይጠራችኋል፣ እናንተም «አቤት» ትላላችሁ፣ በቃ። የዕፅዋት ሊቃውንት ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቁም። ተክል ስም እንዲወጣለት መጀመሪያ መቆረጥ፣ ቀጥሎ በጋዜጣ መካከል ተጨፍልቆ መድረቅ፣ ከዚያም ካርቶን ላይ መለጠፍ አለበት። ሬሳ ከሌለ ስም የለም። ይህን የማውቀው ከገዳዮቹ አንዱ ስለነበርኩ ነው።

ሥራዬ የባዮሎጂ መምህርነት ነበር። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ «ለሁለት ዓመት ብቻ» ተብዬ ከጅማ ጅጅጋ ተመደብኩ። (ሁለቱ ዓመት ስንት ዓመት እንደሆነ አትጠይቁኝ።) በአገሬ ኦርኪድ የሚባለው አበባ የቡና ጥላ ዛፍ ላይ እንደ ልቡ ተንጠልጥሎ ስለሚኖር፣ የዕፅዋት አመዳደብ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ የምሥለው እሱኑ ነበር። ከአበባ ቅጠሎቹ አንዷ እንደ ከንፈር ወጣ ትላለች፤ ወንዴውና ሴቴው አንድ ምሰሶ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ዱቄቱ እንደ ሌላው አበባ አይበንም፣ እንደ ሰም ተድቦልቡሎ ማር ፍለጋ የመጣች የእሳት ራት ላይ ይለጠፋል። ከሀርሺንና ከቀብሪበያ የመጡት ተማሪዎቼ ግመል የሚበላውን ቁጥቋጦ አንድ በአንድ የሚያውቁ ልጆች ናቸው። አፈር ሳይነካ ዛፍ ላይ የሚያብብ ነገር አለ ስላቸው በሐዘኔታ አዩኝ።

ያመነኝ ዘበኛችን አዴር ጃማ ብቻ ነበር። «አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ መምህራኑም ሳንቀር እንዲሁ እንጠራቸዋለን። በመስኮት በኩል ሲያዳምጡ ቆይተው ከክፍል ስወጣ ያዙኝ።

«መዓሊን» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «ያንን የሣልከውን እኔ አውቀዋለሁ።»

«የት ያውቁታል?»

«ካራማራ፣ ፈፋው ውስጥ። አሮጌ ወይራ አለ፣ እሱ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ያብባል።»

አላመንኳቸውም፤ ግን ቅዳሜ አብሬያቸው ወጣሁ። እኔ በየአሥር እርምጃው እየቆምኩ ሳለከልክ እሳቸው በነጠላ ጫማ ቀድመውኝ ደረሱ። እንዳሉትም ነበረች። ግራጫ ሥሮቿ የወይራውን ቅርፊት እንደ ጣት ጨብጠውታል፤ አምስት ነጫጭ አበቦች፣ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ የአበባ ማር የያዘ ስንዝር የሚያህል ቀጭን ጭራ። በዙሪያው ያሉትን ዛፎች ሁሉ ፈተሽን፤ ሌላ የለም። በእጄ ባሉት መጻሕፍትም እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አካባቢ አልተመዘገበም። እውነቱን ልናገር፤ ወዲያው በራሴ ስም ላይ የላቲን ጅራት እየቀጠልኩ የተክሏን ስም በልቤ ማንበብ ጀመርኩ።

ቢላዬን አወጣሁ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ አዴር ጃማ።

«አዲስ አበባ ለዕፅዋት ሊቃውንቱ ልኬ ስም ይውጣላት ብዬ ነው።»

«ስም ለማውጣት ይታረዳል?»

«አትሞትም፤ አበባዋን ብቻ ነው የምወስደው።»

እውነቴን ነው፤ ሥሯን አልነካሁም። ግን አምስቱንም አበቦች ቆረጥኩ። በዚያ ዓመት ዘር እንደማይኖራት አላሰብኩም ነበር ብል ታምኑኝ ይሆናል። አስቤ ነበር።

ከወራት በኋላ ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። በዝናብ ወቅት አድርቄያት ስለነበር ከንፈሯ ሻግቷል፤ ከንፈሯ ካልታየ ደግሞ የታወቀች ትሁን አዲስ መለየት አይቻልም። በአልኮል ውስጥ የተቀመጠ ሙሉ አበባ እንድልክ፣ እስከዚያው ግን «ያልተለዩ» ከሚባሉት ጋር እንደምትቀመጥ ተጽፏል። እናንተ ጅጅጋ ውስጥ አልኮል ለምናችሁ ታውቃላችሁ? የክሊኒኩ ነርስ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ለአበባ ነው» አልኳት። «ሁሉም ምክንያት አለው» ብላ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ሲቃረብ በየሳምንቱ ካራማራ መውጣት ጀመርኩ። እስቲ አስቡት፤ አንድ የሩቅ አገር ሰው ጠርሙስና ማስመሪያ ይዞ በየሳምንቱ እየወጣ አንድ ዛፍ ይለካል። ከተማው ዝም ብሎ አያይም። መጀመሪያ የተቀበረ ወርቅ አገኘ ተባለ። ቀጥሎ መድኃኒት ሆነ። ሻይ ቤት ሲጠይቁኝ እውነቱን ተናገርኩ፦ ከዚያ ፈፋ በቀር የትም ያላየሁት ብርቅ ተክል ነው አልኩ። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ካለ ንገሩኝ።

እምቡጡ ሊፈነዳ ሦስት ቀን ያህል ሲቀረው አይቼ ወደ ከተማ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን ከአዴር ጃማ ጋር ስንወጣ ቅርንጫፉ ተቆርጧል፣ ግንዱ ተልጧል፤ አንዲት ሥር እንኳ አልተረፈችም። ማን እንደወሰዳት አዴር ጃማ በሳምንቱ አጣርተው ነገሩኝ፤ የስኳር ሕመም ያለበት አንድ ሽማግሌ ነው፣ አፍልቶ ጠጥቷታል።

«ተሻለው?» አልኳቸው።

«ሆዱን ቆረጠው።»

ይህን የነገሩኝ እዚያው ወይራው ሥር ነው፤ ምናልባት ያላየነው ቅሪት ቢያቆጠቁጥ ብለን ዳግመኛ ወጥተን ነበር። ምንም የለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ይቅር ይበሉኝ አዴር፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው የተላጠውን ግንድ አዩ።

«መዓሊን፣ እኔ ድሮ ሳየው አይቼው አልፋለሁ፤ ሳላየው አላስበውም። ሣር ነው። ብቻውን ነው፣ ከንፈር አለው፣ ዓለም ላይ ሌላ ላይኖር ይችላል ያልከኝ አንተ ነህ። ይኸው አሁን ስለ ሣር አዝናለሁ፤ ወላሂ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ትምህርት ማለት ይኼ ነው?»

ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያልተጠየቅሁት ጥያቄ ነበር።

«ይመስለኛል» አልኩ።

«እንግዲያስ ለእኔ ይብቃኝ» አሉና ሽርጣቸውን አራግፈው ተነሡ፤ ቁልቁለቱንም ቀድመውኝ ወረዱ።