ኃይለ መስቀል ዘሜስኪት ወፍራሙን አረር ያቀጠኑበት ዜና

ንጽሐፍ እንከ! ሥዩመ ጋራዥ፣ ርእሰ ሾፌራን፣ መኰንነ ድሪል ኃይለ መስቀል ዘሜስኪት፣ በባሕር ማዶ ከተማቸው፣ ጋራዡን ከባለቤታቸው ቶዮታ ነጥቀው በያዙ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ግንቦት የሆነውን ሁሉ ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን፤ ብንጨምርም ለክብራቸው ነው።

እኒህ ጌታ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ እየዋሉ፣ ቀኑን ሙሉ በስልክ ሂድ ና እየተባሉ፣ የሚያዛቸው ሰው የሌለው በጋራዣቸው ውስጥ፣ በአንዲት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ብቻ ነበርና፣ ያችን ወንበር ከዙፋን አብልጠው ይወዷት ነበር።

ወእምዝ ከጠመንጃ ገበያ አንድ አሮጌ ውጅግራ ገዝተው ገቡ። ለዚያ ዕድሜ ጠገብ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ከሱቅ ቢጠፋ፣ ጎማ ቤት የጣለውን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ለቃቅመው፣ አቅልጠው፣ በቅርጽ አፍስሰው አረር ሠሩ፤ አረሩ ግን ጠብደል ሆኖ ወጣና ጠመንጃው አልጎርስ አለ። ሁለት ወር ታገሉ፤ አሁንም አልጎርስ አለ።

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ስርጉት፣ ነርሲቱ፣ የቤቱ እውነተኛ መንግሥት፣ በቤተ ዘመዱ ቫይበር እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፦

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኦኬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዬን ውጭ ፓርክ አደረግሁ፤ ማለቴ፣ በቃኝ። ሶ፣ ያ አሮጌ ጠመንጃ እስከ ቅዳሜ የዒላማ ወረቀት ከመታ ጋራዡ የኃይልዬ ነው፣ አፌን እይዛለሁ። ካልመታ ግን እሑድ ጋራዡን ክሊን ያደርጋል፣ ቶዮታዬ ትገባለች። ዴድላይኑ አይራዘምም!»

ወይ ጉድ! ኃይለ መስቀል አዋጁን መላልሰው አነበቡ። ጠመንጃውስ ይቅር፤ ያቺ የጋራዥ ዝምታ ከሄደች ወዴት ይገባሉ?

ስለዚህ ከብሎን የብረት ቀለበት ሊሠሩ ተነሡ፤ ወፍራሙ አረር በቀለበቷ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲያልፍ ተጨምቆ፣ ልኩን ይዞ እንዲወጣ ነው። አውራ ጣት የሚያህል ብሎን በድሪል በሱ፣ ቀዳዳውን ሆን ብለው አጠበቡት፣ ከዚያም ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠምጥመው ውስጡን እየፈተጉ፣ በካሊፐር እየለኩ፣ ስለ ውጅግራ አፈሙዝ ስፋት ከኢንተርኔት ወደ ቀዱት ቁጥር ይጠጉ ጀመር። ዐርብ ከቀትር በኋላ ፀጉር ስንጣቂ ታህል ሲቀራቸው አዋጁን በቫይበር የሰማው ሠራዊት ሊያግዝ ደረሰ።

የመጡትም እነዚህ ናቸው፦ ከጎረቤት ከተማ ከኧርቪንግ ኤፍሬም፣ የታክሲ ፈረሰኛ፣ በነጻ ምክር የሚታወቅ፤ ከግሬፕቫይን እንግዳ የሚባለው፣ የሆቴል አንሶላ አለቃ፣ ጴንጤ፣ ለአረርም ቢሆን እጁን ዘርግቶ የሚጸልይ፤ ከዚያው ከሜስኪት ጋሽ ወልደ ሥላሴ፣ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ በወጣትነታቸው ቶርኖ ቤት ሠርቻለሁ የሚሉ፣ ምስክር ግን ያላቀረቡ።

ወጋችን መቼም ይታወቃል፤ ሰው ሲሠራ እጅ አጣጥፎ ማየት ነውር፣ ላግዝ ያለን መከልከል ደግሞ ከዚያ የባሰ ነውር ነው። ኤፍሬም ሦስቴ ፈተገ፤ እንግዳ ከኤፍሬም እንዳያንስ ሦስቴ ፈተገ፣ ጸልዮም አንድ ጨመረ። በዚህ ላይ ጋሽ ወልደ ሥላሴ እጅጌአቸውን ሰብስበው አወጁ፦

«ዘወር በሉ እናንተ! ብረት መቼ ታውቁና! እኔ እያለሁ ቀለበት በልጅ እጅ አያልቅም!»

ፈተጉ፣ አረፉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ደግመው ፈተጉ። ጌታችን ተው ማለት አማራቸው፤ ግን አንቱ የሚሉትን ሰው ማን በቃዎት ይላል? ኋላ ሲለኩ ቀዳዳው ከቁጥሩ ሁለት ፀጉር ሰፍቷል። የተፈተገ ብረት ደግሞ አይመለስም። ኃይለ መስቀል በልባቸው ሽማግሌውን ረገሙ፣ በአፋቸው እጅዎ ይባረክ አሉ፣ ሌላ ቀለበት ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ አረራቸውን ሁሉ በዚያችው አሳልፈው በቀለህና በባሩድ ጥይት ቀመሙ።

አመ ፲ወ፭ ለግንቦት፣ በዕለተ ቀዳሚት፣ ሠራዊቱ በሁለት መኪና ወደ ተኩስ ሜዳ ዘመተ፤ ወይዘሮ ስርጉትም የሆስፒታል ልብሳቸውን ሳያወልቁ ለምስክርነት ተገኙ። ውጅግራው ጎረሰ። ጌታችን ቃታ ሳቡ፤ ጭሱ ሲገለጥ ወረቀቱ መሐል ለመሐል ተበስቷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ።

ኋላ ሲለካ፣ የጠመንጃው አፈሙዝ ከዕድሜ ብዛት ሰፍቶ ኖሯል፤ ያ የኢንተርኔት ቁጥር የጎረምሳ ጠመንጃ ቁጥር ነበር፤ ኃይለ መስቀል የሰውን ቁጥር አምነው የራሳቸውን አፈሙዝ ሳይለኩ ቀርተው ነበር። ቀለበቷ በዚያ ቁጥር ብታልቅ ኖሮ አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ እየዋለለ የትም በወደቀ ነበር። ጌታችን የዐርቡን እርግማን አስበው አፈሩ፣ የጋሽ ወልደ ሥላሴንም ትከሻ ደጋግመው ሳሙ።

ወይዘሮ ስርጉትም በሜዳው ላይ አወጁ፦ «ኦኬ፣ ቃል ቃል ነው፤ ቶዮታዬ ውጭ ትደር! ቀለበቱን የፈተገ ሁሉ ደግሞ ከኃይልዬ ጋር የጋራዡ ባለርስት ነው። ሶ፣ በፈለጋችሁ ሰዓት ኑ፣ የበሩን ኮድ ቴክስት አደርግላችኋለሁ!»

ሠራዊቱ እልል አለ። ጌታችን ብቻ ጎንበስ ብለው ጠመንጃቸውን ይጠርጉ ጀመር።

ሰኞ ከሥራ ሲገቡ ኤፍሬም የመኪናውን ባምፐር ወለሉ ላይ ዘርግቷል፣ እንግዳ የመዘምራኑን ስፒከር እየፈታ ይዘምራል፣ ጋሽ ወልደ ሥላሴ በወንበሯ ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ያዛሉ። ኃይለ መስቀል ሰላምታ ሰጥተው፣ ጥቂት ቆመው፣ ሹልክ ብለው ወጡ፤ በደጅ በቆመችው ቶዮታ ገብተው በሩን ዘጉ፣ መቀመጫውን አስተኙ፣ እፎይ አሉ። ወይዘሮ ስርጉት በመስኮት አይተው፣ እየሳቁ ቁልፉን ይዘው ወጡ፣ አጠገባቸውም ገብተው ተቀመጡና የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ኤሲ ይብራ! በዚህ ሙቀት ባሌ አይሙትብኝ!»

እነሆ ኃይለ መስቀል! ብረት ያስገበሩ፣ ያረጀ ጠመንጃ ያጎረሱ፣ ጋራዣቸውን በድል አስከብረው በሦስተኛው ቀን ያስረከቡ፣ ሳይወዱ ቸር፣ ሳይሹ ደግ የሆኑ! ዝናቸው ከሜስኪት እስከ ግሬፕቫይን ይሰማ፤ ለእርሳቸውም ከዚያ ሁሉ ክብር ይልቅ ግማሽ ሰዓት ዝምታ ይስጣቸው፣ አሜን።