ደገፋ የሉም

አቶ ደገፋ ባቡር ተሳፍረው ጅቡቲ ገቡ ተብሎ በናዝሬት ተወራ። ሐሰት ነው። የደረሱበት ሩቅ አገር የጓዳቸው መጋረጃ ኋላ ነው።

እያለ የሌለ ሰው የማይገኝበት ሰፈር የለም። ክቡር ልብስ ሰፊ ደገፋ ግን የዚህ ወገን አለቃ ነበሩ። በር ሲንኳኳ የስፌት መኪናቸው ቀጥ ይላል፤ ባለቤታቸው ጉዲቱ ብቅ ብላ ለአማርኛው «የሉም»፣ ለኦሮምኛው «ህን ጅራን» ትላለች። እንግዳውም ከመጋረጃው ሥር የጫማቸውን ጫፍ እያየ «ሲመጡ ሰላም በይልን» ብሎ ይሄዳል።

በተለይ የሚሸሹት የቀበሌውን ስብሰባ ጠሪ ፉፋን ነበር። ፉፋም ተንኮለኛ ነው። አንድ እሁድ «የሉም» ስትለው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ምን ያድርግ! ትናንት በዳማ አሸንፌው አፍሮ ነው» አለ።

«መቼ!» አለ መጋረጃው።

«ድመቷ ናት» አለች ጉዲቱ፣ ፊቷን ሳትፈታ።

«ወይ ድመት! አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል።»

ለሚፈልጉት ሰው ግን መግቢያ ቃል ነበረው፤ «የዓለም ጤና ሽንኩርት መጥቷል» ያለ ይከፈትለታል። ፉፋ ይቺን ቃል ከየት እንደሰማት እንጃ፣ አንድ ቀን ሽንኩርት ነኝ ብሎ ገብቶ ስብሰባ ነዳቸው። በማግስቱ ቃሉ «የአዳሚ ቱሉ በቆሎ» ሆነ። ለወዳጅ ሁሉ ተነገረ። ለልጃቸው ለአምባዬ ብቻ አልደረሰም፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ከዘመተ በኋላ ደብዳቤው ተቋርጦ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጉዲቱ ገበያ ሄዳ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

«የዓለም ጤና ሽንኩርት መጥቷል» አለ የማያውቁት የወጣት ድምፅ።

ደገፋ በመጋረጃው ውስጥ ፈገግ አሉ። «ይሄ ፉፋ ደግሞ ሰው ላከብኝ! በአሮጌ ወጥመድ!»

«አባባ፣ ካሉ ይክፈቱልኝ፤ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

አልከፈቱም። የጫማው ኮቴ ራቀ።

ጉዲቱ ከገበያ ስትመለስ ባለሱቁ ጂብሪል አስቁሞ ሲነግራት፣ ዘንቢሏን ሱቁ ደጃፍ ጥላ እየሮጠች ገባች።

«ወታደር መጥቶ ነበር! ከአምባዬ ተልኮ! ሽንኩርቱን ስትል አባቴ ይከፍትልሃል ብሎት! ወደ ሐረር በሚሄደው መኪና አለፈ።»

«ምን አለ? ደህና ነው አለ?»

«ለአባቱ እንጂ ለሌላ አልናገርም ብሎ ለጂብሪልም ሳይነግረው ሄደ። የት ነበርክ አንተ?»

በትዳር ዘመናቸው አንተ ብላቸው አታውቅም ነበር።

መጋረጃውን ራሳቸው አወረዱት። የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ከጥዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር ይሰፋሉ። ስብሰባ ከሰው ቀድመው ይደርሳሉ፤ ስም ሲጠራ ተራቸው ሳይደርስ «አለሁ!» ይላሉ፤ የሚስቅ የለም። ፉፋ እንኳ ቀልዱን ትቶ መንገደኛ ወታደር ባገኘ ቁጥር እጁን ይዞ ወደ እሳቸው ያመጣዋል፤ አምባዬን የሚያውቅ እስካሁን አልተገኘም። ሰፈሩም ያቺን ከመጋረጃ ሥር የምትታይ የጫማ ጫፍ ይናፍቃል።

ወታደር የጫነ መኪና ሲያልፍ መቀሳቸውን እንደያዙ ይነሱና አቧራው ውስጥ ይጮኻሉ፦

«ሽንኩርቱ ያስገባል፣ ልጄ፤ በቆሎው ቀርቷል! አለሁ፣ እዚሁ አለሁ!»