የሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትሩ ዕርቅ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በእስራኤል አገር፣ በአፉላ ኢሊት፣ አሳንሰሩ ዕረፍት ላይ በሆነ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ፣ በአቶ ጋሹ ሳሎን የተገኙት የሚከተሉት ናቸው፦ የቤቱ አባወራ አቶ ጋሹ፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ካሰች፤ ልጃቸው ማያ፤ የሰፈሩ ታላቅ ሽማግሌ አቶ ሸጋው፤ እንዲሁም አቶ ሸጋው በሄዱበት ሁሉ የሚከተሉና እርሳቸው በተናገሩ ቁጥር ራሳቸውን የሚነቀንቁ ሁለት ሽማግሌዎች። የተሰበሰቡበት ጉዳይ ከባድ ነበር። የኮምፒውተር ሣጥን ሊመርጡ ነው።

ይህን ሲሰማ፣ «ለአንድ ሣጥን ሦስት ሽማግሌ?» የሚል ችኩል ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ሣጥኑን ከሱቅ ገዝቶ፣ ዕቃውን ከትቶ፣ ኮምፒውተሩን አብርቶ ሥራውን የሚጀምር ሰው ነው። ከእርሱ ቁም ነገር አይጠበቅም።

የነገሩ መነሻ ይህ ነበር። ማያ ከሠራዊቱ ከተሰናበተች ወዲህ ሐይፋ በሚገኝ ኮሌጅ የአኒሜሽን ትምህርት ለመማር አመልክታለች። ለመግቢያ የሠራችው አጭር ፊልም ዓርብ ከቀትር በፊት መድረስ አለበት። ሥዕሉ አልቋል። የቀረው ሥዕሎቹን ሁሉ አቀናብሮ ፊልም የሚያደርግ ጉልበት ያለው ኮምፒውተር ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ጉልበት ደግሞ ያለው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ማያ ካርዱን አገኘች። ማዘርቦርዱንም፣ ሌላውንም ዕቃ አንድ በአንድ ለቀመች። የጎደላት ይህን ሁሉ የሚይዝ አንድ ትንሽ ሣጥን ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ከባድ ስሕተት ሠራች። አባቷን አማከረች።

«ማሕሼቭ መኝታ ቤት አይደበቅም» አሉ አቶ ጋሹ። ኮምፒውተርን ማሕሼቭ ማለት የጀመሩት እዚሁ አገር ነው፤ ነክተውት ግን አያውቁም። «ሳሎን ነው የሚቀመጥ። ቡፌው ውስጥ። እንግዳ ሲገባ ይየው።»

«አባዬ፣ ቡፌው ጠባብ ነው።»

«ጠባብ አይደለም፣ ልኩ ነው። ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ቦታ አለው።»

ተለካ። የቡፌው መደርደሪያ ከጀርባው እስከ መስታወት በሩ ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር ሆነ። ካርዱ ሠላሳ ሆነ። ካርዱን የሚይዝ ሣጥን ከሠላሳ ሊያንስ አይችልም። ሌላ ቤት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃና ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። አቶ ጋሹ ግን አርቆ አሳቢ ናቸው። በልጃቸውና በቡፌያቸው መካከል አለመግባባት መፈጠሩን ወዲያው ተረዱ። አለመግባባት ደግሞ ሽማግሌ ይፈልጋል።

አቶ ሸጋው በሰፈሩ የተከበሩት በከንቱ አይደለም። ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ ወንድማማቾች አስታርቀዋል፤ አንድ ጊዜም የላይኛውን ፎቅ ውኃ ከታችኛው ፎቅ ጣሪያ ጋር አስታርቀው ውኃው በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንዲያንጠባጥብ አስማምተዋል። ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ነገር የለም። ይህም ለማንም የማያዳሉ ገለልተኛ ዳኛ ያደርጋቸዋል።

«መጀመሪያ ተበዳይ ይናገር» ብለው ጉባኤውን ከፈቱ።

«ተበዳይ የለም፣ ጋሼ ሸጋው» አለች ማያ። «ልኩ ነው አልሆን ያለ።»

«በዳይና ተበዳይ የሌለበት ጠብ አይቼ አላውቅም። ጋሹ፣ እስቲ አንተ ተናገር።»

አቶ ጋሹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የቡፌው ወገን ነኝ። ይህ ቡፌ እዚህ ቤት ስንገባ የገባ ነው። ልጆች አሳድገንበታል። አንድ ቀን ክፉ ነገር ወጥቶት አያውቅም። ሃያ ስድስት ነኝ ነው የሚል፤ ሌላ አልጨመረም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«ካርዱ ሠላሳ ነው። ዓርብ ፊልሙ ካልደረሰ ሚክላላው፣ ማለት ኮሌጁ፣ አይጠብቀኝም። ዓመት ሙሉ ልቀመጥ ነው።»

«ስለ ፊልሙ ኋላ እንመለስበታለን» አሉ አቶ ሸጋው። አልተመለሱበትም።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ካሰች የልጃቸውን ስልክ ተቀብለው በሱቅ የሚሸጡትን ሣጥኖች ሥዕል ሲያዩ ደነገጡ።

«ይኸ ጎኑ መስታወት ነው?»

«አዎ፣ እማዬ። ውስጡ እንዲታይ ነው።»

«ሆድ ዕቃውን ገልጦ እንግዳ ፊት ሊቀመጥ? ሰው ምን ይለናል? ድፍን ይሁን። ጩኸትም አልፈልግ። ጨዋ ይሁን።»

«ቀዳዳ ያስፈልገዋል እኮ፤ ይሞቃል።»

«በቀዳዳው አቧራ ይገባል። ሲሞቀው መስኮት እንከፍትለታለን።»

ይህም የእናት ሐሳብ በመሆኑ ያለ ክርክር ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ አቶ ሸጋው ዝም አሉ። የእርሳቸው ዝምታ በአፉላ የታወቀ ነው፤ ብዙ ባለጉዳዮች ዝምታውን መቋቋም አቅቷቸው ገና ሳይፈረድ ታርቀዋል። ቡፌው ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ካርዱም አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ አቶ ሸጋው ከመቀመጫቸው ተነሥተው የሚከተለውን ውሳኔ ሰጡ፦

«ግራ ቀኙን ሰምተናል። ቡፌው ሃያ ስድስት ይላል። ካርዱ ሠላሳ ይላል። ሁለቱም የያዙትን ይዘው ከቀሩ ቤት መፍረሱ ነው። ስለዚህ ቡፌው ለእኛ ሲል ሁለት ይጨምር። ካርዱም ለእኛ ሲል ሁለት ይቀንስ። ሣጥኑ ሃያ ስምንት ይሁን።»

«ጋሼ ሸጋው፣ ካርዱ ብረት ነው። አይቀንስም።»

«መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው የሚል።»

«ቡፌውም ቢሆን አይጨምርም!»

«አየሽ?» አሉ አቶ ሸጋው በርኅራኄ። «ሁለቱም ግትር ናቸው። እኛ የተጠራነው ለዚህ አይደል?»

አቶ ጋሹ ተነሥተው የሽማግሌውን ጉልበት ሳሙ። ማያም እንድትስም በዓይን ታዘዘች። ሳመች።

ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ሣጥን በመሀል ከተማው ሱቆች ሁሉ ተፈልጎ ታጣ። ሣጥን የሚሠሩ የዓለም ፋብሪካዎች ስለ ዕርቁ ገና አልሰሙም ነበርና አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ሥራው ለዮሃናን ተሰጠ። ዮሃናን የመስኮት ብረት የሚበይድ፣ ለታላላቆች እምቢ የማይል ሰው ነው።

«ምን ሊገባበት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ማሕሼቭ» አሉ አቶ ጋሹ።

«የሚገባው ዕቃ ስንት ነው?»

«ሠላሳ።»

«ሣጥኑስ?»

«ሃያ ስምንት።»

ዮሃናን መለኪያውን ብረቱ ላይ ዘረጋ። «ማን ነው እንዲህ ያለ?»

«ጋሼ ሸጋው።»

«እንግዲያ ትክክል ነው» ብሎ ብረቱን መቁረጥ ጀመረ። በራሱ ተነሣሽነትም መሸከሚያ እጀታ፣ ማብሪያና መቆለፊያ ጨመረበት፤ ቀለሙንም የመስኮት ብረት ቀለም ቀባው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑ በሁለት ሰው ተደግፎ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ጉባኤው በሙሉ ቁጥሩ ተሰብስቦ ነበር። ሣጥኑ ቡፌው ውስጥ ሲገባ በሁለት ሳንቲ ሜትር ተርፎ በሩ አልዘጋ አለ። ካርዱ ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ በሁለት ሳንቲ ሜትር ተርፎ ክዳኑ አልገጥም አለ። አቶ ሸጋው ግን ፊታቸው በራ።

«ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ! አንዱ ከሌላው ይበልጥ አልተጎዳም። በዕድሜዬ እንዲህ የተስተካከለ ዕርቅ አላየሁም።»

«አሁን ታዲያ ምን ይሁን፣ ጋሼ?» አሉ አቶ ጋሹ።

«አሁንማ መፈጸም ነው። ቡፌው ይጀምር፤ ታላቅ እርሱ ነው።»

አቶ ጋሹ መፍቻ አምጥተው የቡፌውን የመስታወት በር ነቀሉ። ቡፌው በዚህ መንገድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጨመረ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። ከዚያም ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ካርዱ ዞሩ። አቶ ጋሹ ከመሣሪያ ከረጢታቸው የብረት መጋዝ አወጡ።

«ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ነው» አሉ። «ጌጥ ነው።»

«አባዬ፣ እርሱ ማራገቢያው ነው! አስቀምጠው!» ማያ ካርዱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ቡፌው በሩን ሰጥቷል! ሦስት ሽማግሌ ፊት! ያንቺ ካርድ ከቡፌ ይበልጣል?»

«አታሳፍሪን፣ ማያዬ» አሉ እናቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁለት ሳንቲ ሜትር ናት እኮ። ምን አላት?»

«ከተቆረጠ አይሠራም፣ እማዬ። ፊልሜ ቀረ ማለት ነው።»

«ስለ ፊልሙ ኋላ...» አሉ አቶ ሸጋው።

ማያ መጋዙን አየች። ከዚያ የአባቷን ፊት አየች፤ አባቷ እንደ ልጅ ላብ አልቧቸዋል። በዚያ ቤት ሽማግሌ ፊት ለፊት እምቢ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። የቤቱ ደንብ እሺ ብሎ፣ ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ፣ የፈለጉትን ማድረግ ነው። ይህ ደንብ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ የለም፤ ሁሉም ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

«እሺ» አለች ማያ። «ሽማግሌ ያለው ይሁን። ግን በእኔ እጅ ይሁን። ክፍሌ ገብቼ ራሴ ቆርጬ፣ ዕቃውን አስገብቼ፣ ቆልፌ አመጣዋለሁ።»

«የተባረክሽ!» አሉ አቶ ሸጋው።

«የእኔ ልጅ!» አሉ አቶ ጋሹ፤ መጋዙንም አቀበሏት።

የክፍሉ በር ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ የመጋዝ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ካሰች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያን ቀን ወዲህ በማያ ጠረጴዛ ላይ ያለው የእንጨት ማስመሪያ የሚለካው እስከ ሃያ ስምንት ብቻ ነው።

ማያ ሣጥኑን እንደተቆለፈ ይዛ ወጣች። አቶ ጋሹ ተቀብለው በር የሌለው ቡፌ ውስጥ አስቀመጡት። ማብሪያውን የመጫን ክብር ለአቶ ሸጋው ተሰጠ። ተጫኑት። ሁሉም ጆሯቸውን አቀኑ።

«ምንም አይሰማም» አሉ ወይዘሮ ካሰች።

«ጨዋ ይሁን አላልሽም?» አሉ አቶ ሸጋው።

አቶ ጋሹ መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። «አይሞቅም። እንዲያውም ይቀዘቅዛል! የጎረቤታችን ማሕሼቭ እንደ አውሮፕላን ነው የሚጮህ።»

«እርሱ ያለ ሽማግሌ የተገዛ ነው» አሉ አቶ ሸጋው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐሙስ ጧት ማያ የሠራዊት ከረጢቷን አዝላ በአውቶቡስ ቁልቁል ወደ ባቡር ጣቢያው ወረደች። ከረጢቱ ከባድ ስለነበር አንድ ወታደር ባቡሩ ላይ በማውጣት አገዛት። ሐይፋ ስትደርስ ጓደኛዋ ሊአት ቤት ገባችና ዕቃውን ሁሉ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ያለ ምንም ሣጥን አገናኘችው። ማራገቢያው ጮኸ፤ ካርዱ ሞቀ፤ ሆድ ዕቃው ሁሉ ታየ። ባጭሩ ኮምፒውተሩ ብልግና በተሞላበት ሁኔታ ሥራውን ሠራ። ፊልሙ ዓርብ ከቀትር በፊት ደረሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማያ መግባቷ ተነገራት።

ለዚህ ደስታ አቶ ጋሹ በግ ጠብሰው ሽማግሌዎቹን በክብር ጠሩ። እንግዶች ከቡፌው ፊት እየቆሙ የሣጥኑን ጸጥታ አደነቁ። ምግቡ እንደተበላ አቶ ሸጋው ተነሡ።

«እናንተ ምስክሮች ናችሁ» አሉ። «አይቀንስም ተብሎ ነበር። ቀነሰ። ከተቆረጠ አይሠራም ተብሎ ነበር። ይኸው ልጃችንን ለትልቅ ትምህርት አበቃት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይህን ያህል ከሠራ፣ አራት ብንቆርጠው ኖሮ የት ትደርስ እንደነበር እግዜር ነው የሚያውቅ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ጋሹ እንባቸውን ጠረጉ፤ ከዚያም ልጃቸውን እንድታመሰግን በዓይን አዘዟት።

ማያ ተነሥታ አመሰገነች። በማግሥቱ ሐይፋ ክፍል ተከራየች፤ አሁን የምትኖረው እዚያ ነው።