መስኮቶች ሰው ሲመርጡ

ትናንት ሌሊት ያየሁት ሕልም የጀመረው መደርደሪያ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በሮቹ ጣሪያው ላይ በተሠሩበት አንድ ሰፊ መጋዘን ውስጥ፣ ባለቤቴ እንግዳወርቅና እኔ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ከግራና ከቀኛችን ሌሎች ሰዎች ተደርድረዋል፤ ሁለት ዳኞች፣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሦስት የጥርስ ሐኪሞች። ከፊታችን መስኮቶች ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ነበር። መጋረጃቸውን እንደ ነጠላ አጣፍተው፣ ለየቤታቸው የሚሆን ሰው ሊመርጡ መጥተዋል።

እኔ ምንም አልገረመኝም። እንዲያውም ቀሚሴ ባለመተኮሱ ብቻ ነበር ያፈርኩት።

አንዲት ጠባብ የመታጠቢያ ቤት መስኮት መሰላል ላይ ወጥታ በግንባራችን ላይ ወረቀት ለጠፈችብን። በብዙ ዓመታት ጉዞዬ ሻንጣዬ የስንቱ አገር ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በራሴ ላይ ሲለጠፍ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወረቀቱ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ የሚወርዱ ቀለማትና ሦስት ቁጥሮች ነበሩት። የራሴን ግንባር ማየት ስለማልችል ባለቤቴን ለመንኩት።

«እስቲ የእኔን አንብብልኝ።»

«የመጀመሪያው አምስት ነጥብ ስምንት ይላል።»

«የአንተ አምስት ነጥብ ሰባት ነው። በለጥኩህ!»

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በፈተና መብለጥ እወዳለሁና። መስኮቷ መሰላሉ ላይ ሆና እስክትንኳኳ ድረስ ሳቀች።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ትምህርት ቤት አይደለም» አለችኝ። «የመጀመሪያው ቁጥር የሚናገረው ሙቀት ምን ያህል እንደሚያመልጥዎት ነው። እዚህ ያነሰ ነው የሚበልጠው። ሁለተኛው ፀሐይ ምን ያህል እንደሚያስገቡ ነው፤ ብርዳም አገር ላይ ከፍ ሲል ይወደዳል፣ ቆላ ላይ ግን ዝቅ ያለው ነው የሚፈለገው። ሦስተኛው ነፋስ ምን ያህል እንደሚያሳልፉ ነው።»

«እኔ ነፋስ አላሳልፍም!»

«ወሬስ?»

 እንግዳወርቅ ሳቁን ለመደበቅ ሳለ።

በዚህ መካከል ስቱኮው የረገፈ አንድ ያረጀ የብረት መስኮት በፊታችን ሲያልፍ ድንገት ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ እነዚህን ሰዎች ዝጉልኝ! ብርድ ሊመታኝ ነው!»

ሠራተኛ መስኮቶች ተሯሩጠው መጡና አፋችንን፣ ዓይናችንንና የሾፌሩን ጃንጥላ ዘጉ። ሽማግሌው ካለፈ በኋላ መልሰው ሲከፍቱን መጋዘኑ ሜዳ ሆኗል፤ በሜዳው ላይም አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። አጠገቡ የገበያው ሹም ተቀምጧል። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ ሁለት መስታወት የደረበ የሳሎን መስኮት ነው። ወረቀታችንን አይቶ መጋረጃውን ነቀነቀ።

«ነጠላ ሰው በዚህ ከተማ ፈላጊ የለውም» አለ። «ሴትዮዋ ለአዋሽ ትጫን። ሰውዬው ለበጎች በረት ይሆናል።»

ልቤ የቆመው ያን ጊዜ ነው። አዋሽን ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ደስ የሚል ከተማ ነው። ያለ እንግዳወርቅ ግን አንድ ቀን እንኳ አድሬበት አላውቅም።

«ጌታዬ፣ እኛ ነጠላ አይደለንም» አልኩት። «ድርብ ነን። ከተጋባን አርባ ሁለት ዓመታችን ነው።»

«የጋብቻ ወረቀት እዚህ ዋጋ የለውም። ድርብ መሆን የሚታወቀው በመካከል ባለው አየር ነው። ይመዘኑ! የመጀመሪያው ቁጥራቸው ከአንድ ነጥብ ሁለት ካልበለጠ አብረው ይቀራሉ።»

በእኔ በኩል የተለኮሰ ሻማ፣ በእንግዳወርቅ በኩል የበረዶ ግንድ አቆሙ። እኛም ይለያዩናል ብለን በመፍራት ተቃቀፍን። ሙቀቱ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱም ወደ በረዶው አልፎ በረዶው መንጠባጠብ ጀመረ።

«ተጣብቀዋል!» ብሎ ጮኸ ሹሙ። «የተጣበቀ መስታወት ምኑን ድርብ ሆነ?»

ደንግጠን ተራራቅን። ወዲያው በመካከላችን ነፋስ ገባ። ነፋሱን ተከትሎ የሠርግ አጀብ፣ ከአጀቡ በኋላ ደግሞ ከነተሳፋሪው አንድ አውቶቡስ አለፈ። ከአውቶቡሱ መስኮቶች አንዱ «እነዚህ ተፋተዋል እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«አሁን ደግሞ ተራርቀዋል! አየሩ ይሽከረከራል» አለ ሹሙ። የመኪናው ሾፌር፣ እሱም የኩሽና መስኮት ነው፣ እጄን ያዘ።

እንግዳወርቅ ወደ እኔ ዞሮ በእርጋታ በስሜ ጠራኝና «የምሥራች፣ ሁልጊዜ እንደምንቀመጠው ብንቀመጥስ?» አለኝ።

ሁለት ወንበሮች ከሣሩ ውስጥ በቀሉ። እሱ ጋዜጣውን፣ እኔ መጽሐፌን ይዘን፣ ክንዳችን ሊነካካ ሲል ሳይነካካ ተቀመጥን። በመካከላችን ያለው አየር ጸጥ አለ። ሻማው ቀጥ ብሎ ነደደ፤ በረዶውም መንጠባጠቡን ተወ። ሹሙ ጎንበስ ብሎ በመካከላችን አሻግሮ ተመለከተ።

«ምን እየተባባላችሁ ነው?»

«ምንም» አለ እንግዳወርቅ፣ ገጹን ገለጥ እያደረገ።

«እንዲህ ያለ ዝምታ ከየት አመጣችሁት?»

«ቤት ውስጥ የተሠራ ነው» አልኩት።

በግንባራችን ላይ ያሉት ቁጥሮች መውረድ ጀመሩ። አራት። ሦስት። ሁለት ነጥብ ስምንት። በዕድሜዬ ሙሉ ውጤቴ እንዲያንስ ስጸልይ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። የጥርስ ሐኪሞቹ ያጨበጭባሉ፤ የጭነት መኪናው ሾፌር በንዴት ይንኳኳል። አንድ ነጥብ አምስት። አንድ ነጥብ ሦስት። ሹሙ ማኅተሙን አነሣ፤ አብረን እንድንቀር ይምታው ወይስ እንድንለያይ ገና ሳላይ...

ነቃሁ። ነግቷል፤ አፍንጫዬም በረዶ ሆኗል። ሁለት ወር ሙሉ በየሱቁ መስኮቶች ላይ የተለጠፈውን የቁጥር ወረቀት ስናመሳክር ቆይተን የመረጥነው፣ በደረጃው አቻ ያልተገኘለት አዲሱ መስኮታችን በትናንትናው ዕለት ተገጥሞ በግርማ ቆሟል። እውነትም በመስታወቱ በኩል ቅንጣት ብርድ አይገባም። በዙሪያው ግን ሠራተኞቹ «ሰኞ መጥተን እንደፍነዋለን» ብለው የተዉት፣ አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ በዚያ የደብረ ብርሃን ነፋስ ሁሉ ተሰልፎ ይገባል። ጎኔን ብዳስስ አልጋው ባዶ ነው።

«እንግዳወርቅ!» ብዬ ተጣራሁ።

«ሳሎን ነኝ!» አለ። «እዚህ ይሞቃል።»

«ልምጣ?»

ጋዜጣው ሲገለጥ ሰማሁ።

«ሶፋው እኮ የሚይዘው አንድ ሰው ነው።»