የሊቀመንበሩ ሰማንያ ኪሎ ሜትር

ለታላቅ ሰው ታላቅ መንገድ ይገባዋልና፣ የሬድስቶንና አካባቢው ብስክሌት ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ጉልላት፣ ዐሥራ አንድ አባላትና ሁለት ብስክሌቶች ያሉትን ማኅበር ሦስት ዓመት በብልሃት ከመሩ በኋላ፣ አየርላንድን በብስክሌት ሊያስሱ ከሚኖሩባት የካናዳ ከተማ ከካልጋሪ ተነሡ። አብሯቸው ለመሄድ የደፈረ አባል አንድ ብቻ ተገኘ፤ የስልሳ አራት ዓመቷ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ከሆስፒታል ጽዳት ሥራ በጡረታ የተሰናበቱ። ሊቀመንበሩ እሳቸውን ሲያዩ «ሸክም ተጨመረብኝ» ብለው በሆዳቸው አዘኑ።

አየርላንድ ላይ የመጀመሪያው ቀን መንገድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነበር። በድንጋይ አጥር መካከል ይጠማዘዛል፤ ግራው በግ፣ ቀኙ በግ። አቶ ጉልላት መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ቁምጣ ለብሰው፣ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አስረው ፊት ፊት ወጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ሄልሜታቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው ተከተሉ።

ዐሥራ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳገትና ዝናብ አብረው መጡ። ሊቀመንበሩ ወረዱ።

«እትዬ፣ ሴፍቲ ይቀድማል። እኔ ሁኔታውን ላጥና።»

«አጥና ልጄ። እኔ ቀስ እያልኩ ልሂድ።»

አቶ ጉልላት ከአንድ ጎተራ ሥር ሆነው ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠኑ። ጥናቱም አንድ ገበሬ በፒክአፕ በጎች ጭኖ ወደ ማረፊያቸው ከተማ እንደሚሄድ አረጋገጠ። ከነብስክሌታቸው ከበጎቹ ጋር ተጭነው እትዬ ጥሩወርቅን መንገድ ላይ ሲያልፏቸው፣ ትኩረታቸውን እንዳይበትኑባቸው ከአንዲት በግ ጀርባ ዝቅ አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ አመሻሽ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው ደረሱ። ሊቀመንበሩ ሻወር ወስደው ሾርባ ይጠጡ ነበር።

«ዘገዩ እኮ።»

«ዳገቱ ብዙ ነው ልጄ» አሉና ከሊቀመንበሩ ጃኬት ትከሻ ላይ የበግ ጸጉር አንሥተው ጣሉላቸው።

ካልጋሪ ሲመለሱ ሳቫና በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ ሪፖርት ቀረበ። አቶ ጉልላት ዳገት የሚወጣው በእግር ሳይሆን በአመለካከት መሆኑን አርባ ደቂቃ አብራሩ፤ «አንዳንድ የዘገዩ አባላትንም» በስም ሳይጠሩ ይቅር አሉ። አዛውንቱ አቶ ሰረቐ እንባቸው መጣና ተነሡ።

«እንዲህ ያለ ጀግና እያለን ልጆቻችን ምን ያያሉ? ቅዳሜ ከዚህ እስከ ተራራው እስከ ባንፍ ድረስ፣ መቶ ሃያውን ኪሎ ሜትር ይንዳልን።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«መቼም መኪና ይከተለኛል» አሉ አቶ ጉልላት፣ ሳቃቸው ትንሽ ደርቆ።

«ለአንተ ምን ያደርግልሃል? ለእትዬ ጥሩወርቅ ነው እንጂ፤ እሳቸው ደክመዋል። በመኪናቸው ይከተሉ» አሉ አቶ ሰረቐ።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ከተራሮቹ ፊት ለፊት ይመጣ ነበር። ከተማው ገና ከኋላቸው እየታየ አቶ ጉልላት ቆመው እያለከለኩ መሪው ላይ ተደፉ። መኪናዋ አጠገባቸው ቆማ መስኮቱ ወረደ።

«እትዬ፣ በእመብርሃን፣ ይጫኑኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ጉባኤ በጭብጨባ ያጸደቀውን እኔ ማን ነኝና እሽራለሁ?»

መስኮቱን ዘግተው ማሞቂያውን ከፍ አደረጉ።